ቃለ ጉባኤ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ

ጥቅምት ሃያ ሁለት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፤
ገራዶ፣ ከይመር ግቢ፣ ከዋንዛው ጥላ።
ሊቀመንበሩ ኮምቦልቻ ነው፤ ደብተሩ ከእጄ፤
እስክሪብቶ ያዋሰኝ አበጋዝ ወዳጄ።
ጥሪው ለስምንት ነው፣ የተጀመረው በዘጠኝ፤
አርፋጅ ዐሥር ብር ይክፈል ያልኩት እኔ ነኝ፤
የዛሬው አርፋጅም፣ ይመዝገብ፣ እኔው ነኝ።

አጀንዳ አንድ፦ ማሽን።
ማር ማጣሪያው አንድ ነው፣ እኛ ዐሥራ አራት፤
እንደ ዕቁብ በወረፋ ይዞራል ከቤት ቤት።
ካሣዬ ወሰደና ሦስት ሳምንት አቆየው፤
«ልጄ ታሞብኝ ነው» አለ፤ ማንም አልሞገተው።
ግን እጀታው ላይ የደረቀ ሰፈፍ ነበረ፤
ጦይባ በጥፍሯ ስትፍቀው፣ ካሣዬ አቀረቀረ።
ውሳኔ፦ የተጠቀመ ሰው አጥቦ ይመልስ፤
በሙቅ ውሃ ብቻ፤ ኦሞ ማሩ ላይ እንዳይደርስ።

አጀንዳ ሁለት፦ ገንዘብ።
ጦይባ ሳጥኑን ከፍታ ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤
አራት ሺህ ስልሳ ሊሆን፣ ዐሥር ብር ጎደለች።
ሁላችን ዝም አልን። ንቡ ብቻ ያወራል።
ኋላ ትዝ አላት፦ «የቅጣቱ ብር ይቀራል!»
ሁሉም ዞሮ አየኝ።
ከፈልኩ።

በጥድፊያ ስመጣ ስም መጥራቱን ዘንግቻለሁ፤
አሁን ጀመርኩ። ይመር ሙሄ? «አለሁ።»
ጦይባ እንድሪስ? «አለሁ።»
ካሣዬ? «እዚሁ ነኝ፣ ይቅርታ ብያለሁ።»
ዳምጠው አስፋው?
አፌ ቀደመኝ፣ ስሙን ሳልሰርዘው።

በሐምሌ ነው የቀበርነው፣ ዝናቡ ሳያባራ፤
ንብ ማነብ ያስተማረን እሱ ነው፣ ሁላችንን በየተራ።
ጓንት አያውቅም ነበር፤ ባዶ እጁን ይሰዳል፤
የማሩን እንጀራ እንደ አራስ ልጅ ያወርዳል፤
ንቡም ክንዱ ላይ ይሄዳል፣ ይሄዳል።

ዝም እንዳልን፣ ከአጥሩ በር
«አቤት» አለ አንድ ድምፅ፤ የሴት ነበር።
ማንያህልሻል ናት፣ ሚስቱ፣ ከል የለበሰች፤
የፊት መረቡን በፌስታል ጠቅልላ የያዘች።
«ስሙን አትሰርዘው፤ መዋጮው በእኔ ነው፤
አምስት ቀፎ ትቷል፤ ሁለቱ ባዶ ነው።
ሰው ነው የሞተብኝ፤ ንቡን ማን ገደለው?»

ደንባችንን ገልጬ አንቀጽ በአንቀጽ አየሁ፤
ስለ አርፋጅ፣ ስለ ሌባ፣ ስለ ቆሻሻ ማሽን አገኘሁ፤
ስለ ሞት አንድ መስመር አጣሁ።
(ስንጽፈው ወጣት ነበርን።)

አበጋዝ «በድምፅ ይወሰን» ሲል፣ ከይመር ቀፎ
እንደ ዶፍ ጎርፎ
ወጣ ንቡ፤ ሰማዩ ጠቆረ፤
ተጥመለመለ፣ ዞረ፣
ከራሳችን በላይ፣ ዋንዛው ላይ ሰፈረ።
«እጅ አውጡ!» አልኩ። ማን እጁን ያነሣል?
ከላያችን ሌላ ጉባኤ ተሰይሟል።

ይመር «የእኔ ነው» አለ። ካሣዬ «ምልክት አለው?»
እሷ ቅርጫት ጠየቀች፣ ከሁሉ ሰፋ ያለው።
«አውራውን ፈልጊ!» አለ አንድ ሽማግሌ ከሩቅ፤
«አውራው ሴት ናት» አለች፣ ዞር ሳትል፣ ሳትስቅ።
«አውራው» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ጥቂት ቆየሁ፤
«ው»ን ሰርዤ «ዋ»ን ተካሁ።

ጢስ አላስነሣችም፤ መረቡንም ረሳችው፤
ፌስታሉ ሣሩ ላይ ቀረ። ቅርንጫፉን ነቀነቀችው።
ወረደ፣ ጤፍ ከቁና ሲፈስ እንደሚፈስ፤
አንዲቱ ቅንድቧ ላይ፤ እሷ ግን ቀስ።
አውራ ጣቷን ሲነድፋት ከንፈሯን ነከሰች፤
«እሱም ይነደፍ ነበር፤ አይነግራችሁም እንጂ» አለች።

ይመር ቀፎውን አየ፣ ቅርጫቱን አየ፣
ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቆየ፤
«ሁለቱ ባዶ ነው ብለሽ የለ?»
ከዚያ በላይ ምንም አላለ።

ውሳኔ አልጻፍኩም። ደብተሩ ለፊርማ ዞረ፤
በዳምጠው ስም ትይዩ ባዶ ቦታ ነበረ፤
አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ተጫነች፤
ያበጠችው ጣት ናት፤ ከመስመሩ አለፈች።

አጀንዳ ሦስት፣ የጉንዳኑ ነገር፣ ሳይነሣ መሸ፤
አመድ ሊያመጣ የነበረው ካሣዬ፣ ሳናየው ሸሸ።